2,147,483,647፦ በጥምቀት ማለዳ ኮምፒውተሮችን የሚፈትነው ቁጥር

ጥር 11/2030 ዓ.ም. ማክሰኞ ይውላል። ዕለቱ ጥምቀት ነው። በዋዜማው ከየአድባራቱ የወጡት ታቦታት በየባሕረ ጥምቀቱ አድረው፣ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ያሳለፈው ምዕመን ጎህ ሲቀድ የውኃውን ቡራኬ ይጠባበቃል። በዚያው ማለዳ፣ ልክ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ፣ በዓለም ዙሪያ በብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሳያቋርጥ ሲቆጥር የኖረ ቆጣሪ ይሞላል።

ቆጣሪው የሚቆጥረው ሰከንድ ነው። የሚሞላውም 2,147,483,647 ላይ ሲደርስ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሞቃዲሾ፣ ከአሥመራ እስከ ናይሮቢ ቅጽበቷ አንድ ናት። እንደ እኛው ሰዓትን ከንጋት የሚቆጥሩት ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም «12 ሰዓት» ነው የሚሏት። ለንደን ላይ ግን ገና እኩለ ሌሊት ካለፈ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

ይህ ቁጥር ከኮምፒውተር በፊት ረጅም ታሪክ አለው። የሒሳብ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲከራከሩበት፣ ሲሳሳቱበትና በመጨረሻም ምሥጢሩን ሲፈቱት ኖረዋል። «ከማወቅ ጉጉት በቀር ምንም ጥቅም የለውም» ተብሎ የታለፈበትም ዘመን ነበር።

ብቸኛ ቁጥር ሲባል

ብቸኛ ቁጥር (ብዙዎች በእንግሊዝኛው ስሙ «ፕራይም» ይሉታል) ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሙሉ ቁጥር የሌለ ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ማብቂያ የሌለው ዝርዝር ይቀጥላል። ማብቂያ እንደሌለው ከ2,300 ዓመታት ገደማ በፊት ዩክሊድ አረጋግጧል። የተቀሩት ቁጥሮች ሁሉ በእነዚህ ብዜት የሚገነቡ ናቸው፤ ለምሳሌ 30 የ2፣ የ3 እና የ5 ብዜት ነው።

2,147,483,647 ደግሞ ልዩ ቅርጽ ካላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ወገን ነው። 2ን 31 ጊዜ ደርድሮ በማባዛት ከውጤቱ ላይ 1 ቢቀነስ የሚገኘው ይህ ቁጥር ነው። በተመሳሳይ መንገድ 2ን ሁለት ጊዜ አባዝቶ 1 መቀነስ 3ን፣ ሦስት ጊዜ 7ን፣ አምስት ጊዜ ደግሞ 31ን ይሰጣል። እነዚህ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ መነኩሴ ማሪን ሜርሴን ስም «የሜርሴን ብቸኛ ቁጥሮች» ይባላሉ። የእኛው ቁጥር በተራ ስምንተኛው ነው።

የማባዛቱ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ ሊሆን አይችልም። 6 ብቸኛ ስላልሆነ 2ን ስድስት ጊዜ አባዝቶ 1 ሲቀነስ የሚገኘው 63 ለ3ም ለ7ም ይካፈላል። ነገር ግን ተቃራኒው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ብዙዎችን ያሳሳታቸውም ይኸው ነው። 11 ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ 2ን 11 ጊዜ አባዝቶ 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

የተሳሳቱት ሊቃውንት

ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ካታልዲ እ.አ.አ. በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ 17ኛውና 19ኛው ደረጃ ብቸኛ ቁጥር እንደሚሰጡ በትክክል አረጋገጠ። ይሁንና በዚያ አላቆመም። 23፣ 29፣ 31 እና 37ም እንዲሁ ናቸው ሲል ጻፈ። ፒየር ደ ፌርማ በ1640 የ23 እና የ37ን ስህተት አጋለጠ፤ በ1738 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር የ29ን ውድቀት አሳየ። ከአራቱ ግምቶች ሳይወድቅ የቀረው 31 ብቻ ነበር። ያም ቢሆን ካታልዲ እድል ቀናው እንጂ አላረጋገጠም።

ሜርሴን ራሱም ከስህተት አላመለጠም። በ1644 ባወጣው ዝርዝር እስከ 257 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው አለ። ከእነዚህ 67 እና 257 ሐሰት ሆነው ተገኙ፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘለው ነበር። የ67ን ጉዳይ በግልጽ የዘጋው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። በጥቅምት 1903 (እ.አ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ በተካሄደ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ወደ ሰሌዳው ቀርቦ በአንድ በኩል 2ን 67 ጊዜ አባዝቶ 1 ቀነሰ፤ በሌላ በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች እኩል ሆኑ። ቃል ሳይተነፍስ ወደ መቀመጫው ተመለሰ፤ ታዳሚውም አጨበጨበለት ይባላል።

ከእነዚህ ስሞች ጎን ዛሬም የስህተት ዝርዝር ተያይዞ መገኘቱ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በወረቀትና በብዕር ባለ አሥር አሃዝ ቁጥርን እየደጋገሙ ማካፈል ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለማወቅ አንድ ጊዜ መሞከር ይበቃል።

ኦይለር እንዴት አወቀ?

የ31ን ጉዳይ በ1772 የቋጨው ያው ኦይለር ነው። በወቅቱ በሴንት ፒተርስበርግ የሚኖር የ65 ዓመት አዛውንት ነበር፤ የዓይኑም ብርሃን እጅግ ደክሞ ሥራውን በረዳቶቹ እጅ ያስጽፍ ነበር። ውጤቱን ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ አሳወቀ። መንገዱ ከጉልበት ይልቅ በብልሃት የተሠራ በመሆኑ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው። አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ ሁለቱም በጣም ትልቅ ሊሆኑ አይችሉም። 46,341 በራሱ ሲባዛ 2,147,488,281 ስለሚሆን ከእኛው ቁጥር ያልፋል። ስለዚህ አካፋይ ካለ፣ ቢያንስ አንዱ ከ46,340 አይበልጥም። ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ግን ወደ 4,800 ገደማ ናቸው። በእጅ አንድ በአንድ ይሞከር ቢባል የወራት ሥራ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የፌርማ ውርስ ነው። የሜርሴን ቅርጽ ያለው ቁጥር አካፋዮች እንዲሁ ከየትም አይመጡም፤ እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው ለማባዛቱ ብዛት እጥፍ መካፈል አለበት። ቀደም ሲል ያየነውን 2,047ን እንውሰድ፤ የማባዛቱ ብዛት 11፣ እጥፉ 22 ነው። አካፋዮቹ 23 እና 89 ላይ 1 ብንቀንስ 22 እና 88 እናገኛለን፤ ሁለቱም ለ22 ይካፈላሉ። በ31 ጉዳይ እጥፉ 62 ስለሆነ፣ አካፋይ ሊሆን የሚችለው የ62 ብዜት ሲደመር 1 የሆነ ቁጥር ብቻ ነው።

በሦስተኛው እርምጃ ኦይለር ወንፊቱን ይበልጥ አጠበበው። እንዲህ ያለው አካፋይ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን እንዳለበት ያውቃል። ሁለቱ ሁኔታዎች ሲጣመሩ የሚቀሩት የ248 ብዜት ላይ 1 ወይም 63 ሲደመር የሚገኙት ብቻ ይሆናሉ። ከእነዚህም ብቸኛ የሆኑትን ብቻ መሞከር ይበቃል። የመጀመሪያው 311 ነው፤ 2,147,483,647 ለ311 ሲካፈል 35 ይተርፋል፤ ስለዚህ ይወድቃል። የሚቀጥለው እስከ 1,303 ድረስ የለም። እንዲህ እየዘለለ እስከ 46,340 ሲሄድ ከ4,800ው ፈንታ የሚቀሩት ሰማንያ ገደማ ማካፈሎች ናቸው።

ኦይለር ሁሉንም አካፈለ። አንዱም ያለ ቀሪ አላለቀም።

ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ከሰባ ዓመታት በላይ በሰው ልጅ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ።

ዛሬ ይህንኑ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረው፣ አሜሪካዊው ዲ. ኤች. ሌመር በ1930 መልክ ያስያዘው ፈተና ምንም አካፋይ መፈለግ አያስፈልገውም። በ4 ይጀመራል፤ ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ 2 ይቀነሳል፤ ውጤቱ ለሚፈተነው ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው ይያዛል፤ ከዚያ ይደገማል። በ31 ላይ ብንሞክረው 4 ወደ 14፣ 14 ወደ 194 ይሄዳል። 194 ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8 ነው። 8 በ8 ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 62፣ ማለትም ልክ የ31 እጥፍ፤ ቀሪው 0። ስለዚህ 31 ብቸኛ ነው። ለ2,147,483,647 ይህን 29 ጊዜ መደጋገም ይበቃል። ኦይለር ይህን ቢያገኝ ኖሮ ሳይደሰት አይቀርም ነበር።

ፍጹሙ ቁጥር እና የባርሎው ፍርድ

ከጥንት ጀምሮ «ፍጹም» የሚባሉ ቁጥሮች ነበሩ። 6 ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮች 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ 6 ይሆናሉ። 28ም እንዲሁ የ1፣ የ2፣ የ4፣ የ7 እና የ14 ድምር ነው። እያንዳንዱ የሜርሴን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚወልድ ዩክሊድ አሳይቷል፤ ጥንድ ቁጥር የሆነ ፍጹም ቁጥር ሁሉ በዚህ መንገድ ብቻ እንደሚገኝ ያረጋገጠው ደግሞ አሁንም ኦይለር ነው። ጎዶሎ የሆነ ፍጹም ቁጥር እስካሁን አልተገኘም፤ እንደማይኖርም ማንም አላረጋገጠም።

የእኛው ቁጥር የወለደው ፍጹም ቁጥር 2,305,843,008,139,952,128 ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ባርሎው በ1811 ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ፣ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም፤ ነገሩ የሚያስገርም እንጂ የሚጠቅም ስላልሆነ ከዚህ አልፎ የሚደክም ሰው አይኖርም የሚል ፍርድ ሰጠ።

በሁለቱም ተሳሳተ። በጥቅምት 2024 (እ.አ.አ.) የቀድሞ የኤንቪዲያ መሐንዲስ ሉክ ዱራንት፣ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን ለፍለጋ በሚያውሉበት «ጊምፕስ» በተሰኘ ፕሮጀክት ውስጥ፣ 2ን 136,279,841 ጊዜ አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኘውን ብቸኛ ቁጥር ማግኘቱ ይፋ ሆነ። 41,024,320 አሃዞች አሉት። 52ኛው የታወቀ የሜርሴን ብቸኛ ቁጥር ነው፤ በዚያውም 52ኛው ፍጹም ቁጥር ተወለደ። ስለዚህ የሚደክም ሰው አልጠፋም። ስለ ጥቅሙ ደግሞ መልሱ በየኪሳችን ውስጥ ነው።

ሠላሳ አንድ አንዶች

ኮምፒውተር ቁጥርን የሚያስቀምጠው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። እያንዳንዷ ቦታ «ቢት» ትባላለች። ለብዙ አሥርት ዓመታት የተለመደው 32 ቢት ለአንድ ቁጥር መስጠት ነበር፤ አንዷ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ወይም በታች መሆኑን ታመለክታለች፣ 31ዱ መጠኑን ይይዛሉ። ሠላሳ አንዱም 1 ሲሆኑ የሚነበበው ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ከዚያ በላይ ቦታ የለም።

አሮጌ መኪና ላይ ያለ የኪሎሜትር ቆጣሪ 99,999 ላይ ደርሶ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ሁሉ፣ እዚህም አንድ ሲጨመር ቆጣሪው ይገለበጣል። ልዩነቱ ወደ ዜሮ አለመመለሱ ነው፤ ወደ መጨረሻው ታች፣ ወደ ኔጌቲቭ 2,147,483,648 ይወርዳል።

ይህ ወሰን ሕዝብ ፊት የወጣው በታኅሣሥ 2014 (እ.አ.አ.) ነበር። የደቡብ ኮሪያዊው ሳይ «ጋንግናም ስታይል» የተሰኘ ሙዚቃ በዩቲዩብ የታየበት ብዛት ወደዚሁ ቁጥር ተጠጋ፤ ዩቲዩብም አንድ ቪዲዮ ይህን ያህል ይታያል ብሎ እንዳላሰበ ገልጾ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ከፍ ማድረጉን ተናገረ። አዲሱ ወሰን 9,223,372,036,854,775,807 ነው። ይኸኛው ግን ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ 63 ለ3 ስለሚካፈል ወሰኑም ለ7 ይካፈላል።

ሌላው አጋጣሚ ከመዝናኛ የራቀ ነበር። በ2015 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ቦይንግ 787 አውሮፕላን ለ248 ቀናት ሳይጠፋ ኃይል ላይ ከቆየ፣ የጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ ያለ ቆጣሪ ሞልቶ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሊቋረጥ እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ አየር መንገዶች ኃይሉን በየጊዜው እንዲያጠፉ አዘዘ። 2,147,483,647 የሰከንድ መቶኛ ክፍልፋዮች ወደ ቀናት ቢቀየሩ 248 ቀን ተኩል ገደማ ይሆናሉ። ከአፍሪካ ይህን አውሮፕላን በ2012 ቀድሞ የተረከበው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ በተግባር ግን አውሮፕላን ያን ያህል ጊዜ ኃይሉ ሳይቋረጥ መቆየቱ እምብዛም የማይታሰብ ነው። ይህ 248 ከኦይለሩ 248 ጋር መመሳሰሉ እንዲያው ግጥጥሞሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በቆጣሪዎቹ ታሪክ ውስጥ ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑ ምንም ሚና የለውም፤ ብቸኛ ባይሆንም ቆጣሪው እዚያው ላይ ይሞላ ነበር። ብቸኝነቱ በእርግጥ ሥራ ላይ የዋለው ሌላ ቦታ ነው።

ኮምፒውተር በራሱ ዕጣ ማውጣት አይችልም። ለጨዋታ፣ ለናሙናም ሆነ ለአየር ሁኔታ ስሌት የዘፈቀደ የሚመስሉ ቁጥሮች ሲያስፈልጉት በስሌት ይሠራቸዋል። በ1969 ለአይቢኤም ሲስተም 360 ኮምፒውተር የቀረበው ዘዴ እንዲህ ነበር፦ ያለውን ቁጥር በ16,807 አባዛ፣ ለ2,147,483,647 አካፍል፣ ቀሪውን ያዝ፣ ድገም። 16,807 ማለት 7 አምስት ጊዜ ተደርድሮ ሲባዛ ነው። አካፋዩ ብቸኛ ስለሆነና ማባዣውም በጥንቃቄ ስለተመረጠ፣ ስሌቱ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች አንዱንም ሳይደግም፣ አንዱንም ሳይዘል ዞሮ ነው ወደ መነሻው የሚመለሰው። ስቴፈን ፓርክ እና ኪት ሚለር በ1988 ይህን «ዝቅተኛው መለኪያ» ሊሆን ይገባል ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ዛሬም «ሲ ፕላስ ፕላስ» በተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ መደበኛ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ለምሥጢር መጠበቂያ ግን አይሆንም፤ አንዱን ቁጥር ያየ ሰው የሚቀጥለውን ማወቅ ይችላል።

ወደ ምኒልክ ዘመን

ወደ ጥምቀቱ ማለዳ እንመለስ። ዩኒክስ የተሰኘው የኮምፒውተር ሥርዓትና ከእሱ የተወለዱት ሁሉ ጊዜን የሚይዙት ከጥር 1/1970 (እ.አ.አ.) ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23/1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ሰከንዶቹን 32 ቢት ውስጥ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ቆጣሪው ሲሞላ የሚቀጥለውን ሰከንድ የሚያነበው ታኅሣሥ 4/1894 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ብሎ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው።

ጊዜው 136 ዓመት ወደ ኋላ የሸሸበት መሣሪያ ምን ያደርጋል? እንደ አሠራሩ ይለያያል። ዛሬ በኪሳችን ያሉት አብዛኞቹ ስልኮችና ላፕቶፖች 64 ቢት ስለሆኑ አይነካቸውም፤ የእነሱ ቆጣሪ የሚሞላው ከ292 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። የሊነክስ ሥርዓትም በ2020 በወጣው እትሙ 32 ቢት መሣሪያዎች ከ2038 በኋላ እንዲሠሩ የሚያስችል መፍትሔ አካትቷል።

ሥጋቱ የሚያርፈው ማንም ኮምፒውተር ብሎ በማይጠራቸው ዕቃዎች ላይ ነው፦ በፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች፣ በመኪና ውስጥ ባሉ ክፍሎች፣ በኢንተርኔት ማከፋፈያ ሳጥኖች፣ ከተሠሩ በኋላ ሶፍትዌራቸው በማይታደስ መለኪያዎች። በዳታቤዝም ውስጥ አለ፤ በስፋት የሚሠራበት «ማይ ኤስኪውኤል» «ታይምስታምፕ» ለሚለው የጊዜ ዓይነት የሰጠው ወሰን እዚያችው ሰከንድ ላይ ያበቃል። ከሁሉም በላይ፣ ችግሩ 2038ን አይጠብቅም። የሃያ ዓመት የቤት ብድር የመክፈያ ሠንጠረዥ የሚያወጣ ፕሮግራም ከወሰኑ ያለፈ ቀን የሚያሰላው ዛሬ ነው።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ጉዳዩ የራሱ ክብደት ያለው ይመስለኛል። እዚህ ዕቃ ሌላ ቦታ አገልግሎ ይመጣል፤ ተጠግኖም ረጅም ዕድሜ ይሠራል። ሌላ ጊዜ የሚያስመሰግነው ይህ ልማድ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ መሣሪያው ሲገዛ 64 ቢት ጊዜ ይይዝ እንደሆነ የሚጠይቅ ጨረታ አውጪ ምን ያህል ይሆን? ጥያቄው በአንድ መስመር የሚጻፍ ነው።

አንዳንድ መሐንዲሶች ደግሞ አቋራጭ መርጠዋል። ምልክቷን የምትይዘውን ቢት ለመጠን አውለው ወሰኑን ወደ 4,294,967,295 አሳድገዋል። ይህ ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ የ3፣ የ5፣ የ17፣ የ257 እና የ65,537 ብዜት ነው። የሚሞላውም በየካቲት 2106 (እ.አ.አ.) ነው።